የጦጣን ጉርሻ ልጅ እንዳይቀምሰው



በዚህ ሰሞን ከዳንግላ ወጣ ካለ ቀበሌ አንዲት አያት ደወሉልኝ። አብዛኛውን ጊዜ የሚደወልልኝ ስለ ግፊት፣ ስለ ስኳር ወይም ስለ ሕፃን ተቅማጥ ነው። የእኚህ እናት ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። «ሲስተር፣ ጦጣ አቦካዶዬን ጨረሰችብኝ። እርስዎ መድኃኒት የሚያውቁ ሰው ነዎት፤ ሙዝ ውስጥ ምን ብጨምርበት ነው ገድሎ የሚገላግለኝ?» አሉኝ። በስልክ የሰጠኋቸው መልስ አጭር ነበር፤ «እትዬ፣ ምንም እንዳይጨምሩ» ብቻ። ረዘም ያለውን መልስ እዚህ ልጻፈው፤ ይህንኑ ጥያቄ እንጅባራ ገበያ ላይም፣ ዕድር ላይም፣ ከለቅሶ ስንመለስ መንገድ ላይም ሰምቼዋለሁና።

በጦጣ የተማረረን ሰው ከተሜው ሊስቅበት ይችላል። እኔ አልስቅም። አንድ የአቦካዶ ዛፍ የልጅ ደብተርና ጫማ የሚገዛበት ቤት አውቃለሁ። በአገልግሎት ዘመኔም እናቶችን «ጓሯችሁ ውስጥ አንድ የፍሬ ዛፍ ትከሉ» እያልኩ ቤት ለቤት ስዞር ኖሬያለሁ። ስድስት ወር የሞላው ሕፃን ከእናት ጡት ጋር የሚጀምረው ምግብ ላይ የተፈጨ አቦካዶ ቢጨመርለት ጉልበት ይሆነዋል። የበሰለ ማንጎና ፓፓያ ደግሞ ለዓይኑና ለበሽታ መከላከያው የሚጠቅመውን ቫይታሚን ኤ ይሰጡታል። ስለዚህ ጦጣ የምትወስደው የልጅ ልጃችንን ምግብ ነው፤ ንዴቱ ይገባኛል።

የእኛ አዊ ደግሞ ለዚህ ነገር የተመቸ አገር ነው። ከእንጅባራ ብርድ ኮክና ፕሪም፣ ከዳንግላ አቦካዶ፣ ወደ ቻግኒ ወረድ ሲባል ማንጎና ሙዝ አለ። በየመካከሉ የቤተ ክርስቲያን ደን አለ፤ የወንዝ ዳር ዛፍ አለ፤ በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ያለው ጫካ አለ። በፋግታ ለኮማ በኩል ገበሬው ለከሰል ብሎ የተከለው ዲከረንስ ኮረብታውን አልብሶታል። ዲከረንስ ብዙ ቤት የቀየረ ዛፍ ነው፤ ነገር ግን ለጦጣ የሚሆን ፍሬ የለውም። መደበቂያዋን እዚያ፣ ምሳዋን እኛ ጓሮ ብታደርግ ምን ይገርማል?

«መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» ይባል የለ? እኔም ከሁሉ በፊት መርዙን ላንሳ።

ብዙ ዓመት ሆኖታል። በምሠራበት ጤና ጣቢያ አንዲት ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ በአያቷ ጀርባ ታዝላ መጣች። አባቷ ፓፓያውን እየበላ ያስቸገረውን ሸለምጥማጥ ለመግደል የአይጥ መርዝ የተቀባ ዳቦ አጥሩ ሥር አስቀምጦ ነበር። ሸለምጥማጡ በሌሊት ሳይመጣ ቀረ፤ ልጅቷ በጠዋት ዳቦውን አገኘችው። አያት ደንግጠው ወተት ጋቷት፤ ጎረቤት ነጭ ሽንኩርት አመጣ፤ ጠበልም ተረጨ። እኛ ዘንድ ስትደርስ ቀኑ ተጋምሷል። የምናውቀውን ሁሉ አድርገን ወደ ሆስፒታል ላክናት፤ ከመንገድ ተመለሰች። አባቷ ክፉ ሰው አልነበረም። ልጆቹ የሚበሉት ፍሬ ተነካብኝ ብሎ የተቆጣ አባት ነበር።

ጦጣን የሚያታልል ምግብ ልጅንም ያታልላል። ሙዝ፣ ዳቦ፣ የማንጎ ቁራጭ ማለት ለአራት ዓመት ሕፃን ምን እንደሆነ አያት የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ጦጣ ብልጥ ናት፤ ያልለመደችውን ነገር አሽትታ፣ ገላልጣ፣ አንዳንዴም ጥላው ትሄዳለች። ልጅ ግን አያሸትም፤ ይጎርሳል።

በየገጠር ሱቁ «የአይጥ መርዝ» ተብሎ የሚሸጠው ግራጫ ዱቄት ብዙ ጊዜ ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ነው። ጨጓራ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይሆናል፤ ልብን፣ ሳንባንና ጉበትን ይጎዳል። ማርከሻ የለውም። ሌላው ማላታይንና የእሱ ዘመዶች የሆኑት የተባይ ፈሳሾች ናቸው። ትኋን ላይ፣ ቅማል ላይ፣ ጎተራ ላይ፣ አሁን ደግሞ ጦጣ ላይ! በእነዚህ የተመረዘ ሰው ላቡ ይፈሳል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠብባል፣ ያስመልሰዋል፣ መተንፈስ ያቅተዋል። ለእነዚህኛዎቹ አትሮፒን የሚባል መርፌ አለ፤ የሚሠራው ግን ቶሎ ሲደረስ ነው።

እንግዲህ አይበለውና አንድ ልጅ መርዝ ቢቀምስ አታስመልሱት። ወተት፣ ዘይት፣ እንቁላል አትጋቱት፤ ራሱን እየሳተ ያለ ልጅ የሚጋተው ወደ ሳንባው ይገባል። አፉ ውስጥ የቀረ ነገር ካለ አውጡለት። ልብሱ ላይ ፈሶ ከሆነ አውልቁና ገላውን በውኃና በሳሙና እጠቡት፤ የምታጥቡትም ሰዎች እጃችሁን በፌስታል ሸፍኑ። ከዚያ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ፤ የመርዙን ዕቃ ወይም ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ምን እንደተቀመሰ ካወቀ ግማሽ መንገድ ተጉዟል ማለት ነው።

የመርዝ ነገር ከተነሳ አንድ ልጨምር። ፈሳሹን በሃይላንድ እየቀዳችሁ የምታስቀምጡ ሰዎች አላችሁ። ልጅ ሃይላንድ ካየ የሚያስበው ውኃ ነው። ተዉ! በመጣበት ዕቃ፣ ተቆልፎ፣ ከእህልና ከአልጋ ርቆ ይቀመጥ።

ለጦጣ የተቀመጠ መርዝ ጦጣ ላይ ብቻም አይቆምም። የሞተውን ውሻ ይበላዋል፤ ውሻውን ጥንብ አንሳ ይበላዋል። በአገራችን ከተሞች ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለማጥፋት ስትሪክኒን ሲሰጥ እንደኖረ የምናስታውስ ብዙዎች ነን። በኬንያ አንበሳ ከብት በላብን ያሉ አርብቶ አደሮች ሥጋ ላይ የተባይ መርዝ እየረጩ አንበሳውንም ጥንብ አንሳውንም ፈጅተዋል። ሕጉንም እወቁት፤ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መግደል ያስጠይቃል። የዱር እንስሳ ጉዳት ከአቅም በላይ ሲሆን የሚኬደው ወደ ቀበሌው የግብርና ባለሙያ ነው።

ከመርዝ የማይተናነስ ሌላ ነገርም አይቻለሁ፤ የቤት መብራት ከአጥር ሽቦ ጋር ማገናኘት። ቤታችን የሚገባው መብራት 220 ቮልት ነው። ለከብት ማገጃ ተብሎ የሚሠራው የኤሌክትሪክ አጥር ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ለቅጽበት ብቻ እየነዘረ የሚተው የራሱ ማሽን አለው። ከቤት መብራት በቀጥታ የተሳበ ሽቦ፣ ያውም በዝናብ ጊዜ፣ ኳሱን ሊያመጣ የሄደን ልጅ ይዞ ያስቀራል።

«እሺ፣ አታድርጉ አልሽ፤ ታዲያ ምን እናድርግ?» ትሉኝ ይሆናል። መጀመሪያ ሌባውን እወቁት። ጦጣና ዝንጀሮ የቀን ሌቦች ናቸው፤ በማለዳና ከሰዓት በኋላ ይበረታሉ። አንዱን ገመጥ አድርገው ይጥላሉ፣ ሌላውን ይቀጥፋሉ፤ መሬቱ ግማሽ በተበላ ፍሬ ይሞላል። የሌሊት ወፍ የፍሬውን ጭማቂ መጥጣ ቃጫውን እንደ ተመጠጠ ሸንኮራ ትተፋዋለች። ጥርኝና ሸለምጥማጥም የሌሊት ናቸው። የዛፉ ግርጌ ልጡ ተግጦ ካገኛችሁና አፈሩ ከተቆፈረ ጃርት ነው፤ እሾሁንም ጥሎላችሁ ይሄዳል። ጉሬዛን ግን አደራ፣ ከጦጣ ጋር አትደምሩት። ዋና ምግቡ ቅጠል ነው፤ ከፍ ካለው ዛፍ ላይ ተቀምጦ እያየን ቅጠሉን ቢያመነዥክ ምን አደረገን?

ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቀድሞ መልቀም ነው። አቦካዶ ዛፍ ላይ እያለ አይበስልም፤ የሚለሰልሰው ከተቀጠፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ዛፉ ላይ «ይብሰል» ብሎ ማቆየት ለጦጣ ማቆየት ነው። መድረሱን ለማወቅ ሁለት ትልልቅ ፍሬ ቀጥፋችሁ ቤት አስቀምጡ። በሳምንት በአሥር ቀን ውስጥ እኩል ከለሰለሰ ዛፉ ደርሷል። እንደ ላስቲክ ከሆነና ከተጨማደደ ግን ገና ነውና ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቃችሁ እንደገና ሞክሩ። ስትቀጥፉ አጭር ግንጣይ አስቀሩለት፤ አለበለዚያ በእምብርቱ በኩል ይበሰብሳል። ማንጎም ትከሻው ሲሞላ፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ተለቅሞ ጭድ ውስጥ ይበስላል። የሙዝ ዘለላ ጠርዙ ሲሞላና ክብ ሲል ይቆረጣል። ኮክና ዘይቱንም ቀለማቸው መለወጥ ሲጀምር ቢለቀሙ ቤት ውስጥ ይለሰልሳሉ፤ ጣዕማቸው ትንሽ ይቀንሳል እንጂ። ብርቱካንና ሎሚ ከተቀጠፉ በኋላ አይጣፍጡም፤ እነሱን ዛፉ ላይ መጠበቅ ግድ ነው። ቶሎ እንዲበስል የምትፈልጉትን ከአንድ የበሰለ ሙዝ ጋር ቅርጫት ውስጥ ክደኑት፤ ሙዙ ራሱ የሚያወጣው ጋዝ ያበስለዋል። ካርባይድ የሚባለውን የብየዳ ነገርና የላምባ ጭስ ከምግብ አርቁ።

ከዚያ ቀጥሎ መንገዱን መቁረጥ ነው። ጦጣ በመሬት መሄድ ብዙም አትወድም፤ ውሻም ሰውም አለ። የምትመጣው ከባሕር ዛፉ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ ጣሪያው፣ ከጣሪያው ወደ አቦካዶው እየዘለለች ነው። የፍሬ ዛፋችሁ ቅርንጫፍ ከጣሪያና ከሌላ ዛፍ ጋር እንዳይነካካ ከርክሙት። ብቻውን የቆመ ዛፍ ከሆነ ግንዱን ከሰው ቁመት ትንሽ ዝቅ ብሎ በልሙጥ ቆርቆሮ ማልበስ አይጥንና ሸለምጥማጥን በደንብ ያግዳል። ጦጣ ግን ከቆርቆሮው በላይ ዘልላ ልትይዝ ስለምትችል በእሱ ብቻ አትተማመኑ። የቆርቆሮው ጠርዝ ወደ ውስጥ ይታጠፍ፤ የልጅ እጅ የሚቆርጠው ሹል ጠርዝ እንዳይቀር። የሙዝ ዘለላንና ዝቅ ያለ ፍሬን በጆንያ መሸፈን ጥሩ ነው። ላስቲክ ግን ሙቀቱን አፍኖ ያበሰብሰዋል።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝን ልናገር። አጎበር ለኮክ ዛፍ! በጃዊና በቻግኒ በኩል ብቻ አይደለም፤ ዳንግላም አይቻለሁ፤ ለወባ መከላከያ ተብሎ የተሰጠ አጎበር ችግኝ ላይ ተጠምጥሞ፣ ልጁ ከጎኑ ባለው ቤት ያለ አጎበር ይተኛል። አጎበሩ በፀረ ነፍሳት ኬሚካል የተነከረ ነው፤ የሚበላ ፍሬ ላይ መጠቅለልም ተገቢ አይደለም። የተቀደደ ከሆነ ይሰፋል። አርጅቶ አገልግሎቱ ካበቃም ምን እንደሚደረግበት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቋት።

ስለ ቅንጭብ አጥርም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አጥርነቱ ጥሩ ነው፤ ከብት አይደፍረውም። ወተቱ ግን ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል፣ የማየት ችሎታንም ይጎዳል። ቅንጭብ ስትቆርጡ ልጆች ይራቁ፤ እናንተም እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትሹ። ከገባም ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እያጠባችሁ ቆዩና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ማስፈራሪያን በተመለከተ አንድ የተጠና ነገር ልንገራችሁ። በኬንያ አምቦሴሊ የተጠኑ የእኛዎቹ የቅርብ ዘመድ የሆኑ ጦጣዎች ለነብር፣ ለንስርና ለእባብ የተለያየ የማስጠንቀቂያ ድምፅ እንዳላቸው ተረጋግጧል። የነብሩን ሲሰሙ ዛፍ ላይ ይወጣሉ፣ የንስሩን ሲሰሙ ወደ ላይ ያያሉ፣ የእባቡን ሲሰሙ ቆመው ሣሩን ይመረምራሉ። ይህን ያህል የሚለይ ፍጡር የእናንተን አሮጌ ኮት የለበሰ እንጨት ለስንት ቀን የሚፈራ ይመስላችኋል? ማስፈራሪያ የሚሠራው ሲለዋወጥ ነው። ዛሬ ኮቱ እዚህ፣ ከነገ ወዲያ እዚያ። በነፋስ የሚጮህ የካሴት ክር ለጥቂት ቀን ብቻ፣ ፍሬው ሊለቀም ሲል። የጅራፍ ጩኸት ሰው ራሱ ቆሞ ሲያጮኸው ጥሩ ነው። ደግሞም ጦጣ አትቀልቡ! ሐዋሳ አሞራ ገደል የሄደ ሰው ከእጅ ሙዝ የምትነጥቅ ጦጣ አይቷል፤ ያንን ያስተማራት ጎብኚው ነው። የፍሬ ልጣጭና ትርፍራፊ አጥር ሥር መጣልም ያው መቀለብ ነው፤ ቅበሩት።

የጥበቃው ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። በየቤቱ ጠባቂው ማን ነው? ልጅ ነው። ፍሬ በሚደርስበት ወቅት ከክፍል የሚቀር ልጅ የስንት ብር አቦካዶ እንዳዳነ ብታሰሉት፣ ያመለጠው ትምህርት ይበልጥበታል። ተራ አውጡ፤ ከትምህርት መልስ ለአንድ ሰዓት ይጠብቅ፣ ጠዋት ደግሞ እኛ አያቶች እንቀመጥ። ፀሐይ እየሞቅን እንጠብቃለን፤ ሥራ አጣን እያልን ከምንነጫነጭ። ወንጭፍ ግን ከልጅ እጅ ይውጣ። በወንጭፍ ድንጋይ ዓይኑ የፈሰሰ ልጅ አልጋ አጠገብ ቆሜ አውቃለሁ፤ ወንጭፉን የያዘው ወንድሙ ነበር። ዓይን በድንጋይ ወይም በእንጨት ከተወጋ አትጫኑት፣ የተሰካውን አትንቀሉት፤ ሳይነካው በሚከልል ነገር፣ ለምሳሌ በንጹሕ ኩባያ ሸፍናችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

የወደቀውን ፍሬ በተመለከተ ሕጌ አንድ ነው። የጦጣ፣ የወፍ ወይም የሌሊት ወፍ ጥርስና ምንቃር የነካውን «የተነካውን ቆርጠን እንብላው» አይባልም። ለልጅ አይሰጥም። በባንግላዴሽ የሌሊት ወፍ የነካውን የዘምባባ ጭማቂ የጠጡ ሰዎች ኒፓ በሚባል ቫይረስ ታመው ሞተዋል፤ እዚያ ሰዎች አሁን የጭማቂውን ማሰሮ በቀርከሃ ሰፌድ ይጋርዱታል። ያ በሽታ እኛ ዘንድ አለ ማለቴ አይደለም፤ ግን ጥንቃቄው ለእኛም ይሆናል። ያልተነካውም ቢሆን ይታጠብ። መሬት ላይ የወደቀች የሌሊት ወፍ ያገኘ ልጅ በእጁ እንዳያነሳት ንገሩት።

የመጨረሻው ውሻ ነው። ከዘዴዎቹ ሁሉ ጦጣን የሚያርቅ አንድ ነገር ምረጪ ብትሉኝ ቀን ጓሮ ውስጥ የሚዘዋወር ጥሩ ውሻ እላለሁ። ነገር ግን ውሻው ከጦጣ፣ ከቀበሮ፣ ከጅብ ጋር ይናከሳል፤ ማታ ከልጆቹ ጋር ይተኛል። በሰው ላይ የሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመጣው ከውሻ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ገደማ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከተጎጂዎቹ 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው ይላል። በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮን ደጋግሞ የፈጀውም ከውሻ የተጋባ ይኸው በሽታ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ሳይታይ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ክትባት የሰጠው በእብድ ውሻ ለተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ነበር፤ ልጁም ዳነ።

ስለዚህ ውሻም ይንከስ ጦጣ፣ መንጋጋው ቆዳ ከበሳ፣ ወይም ጥፍሩ ቢቧጭር፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ። ሰዓት እያያችሁ፤ 15 ደቂቃ ከምታስቡት በላይ ረጅም ነው። ቡና፣ ጨው፣ ቅጠል አትነስንሱበት፤ በእሳት አትተኩሱት። በዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱና የእብድ ውሻ ክትባትና የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ያስፈልግ እንደሆነ አሳዩ። ጠበል የሚወስድ ይውሰድ፤ ክትባቱን ግን አያስቀርበት። ክትባቱ በተለያዩ ቀናት የሚሰጥ ነው፤ አንዱን ወስዶ «ሻል ብሎኛል» ብሎ መቅረት የለም። ውሻውን ደግሞ ሦስት ወር ሲሞላው፣ ከዚያም የእንስሳት ጤና ባለሙያው በነገራችሁ ጊዜ እየወሰዳችሁ አስከትቡት። ካርዱን ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት፤ በተነከሰ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

በሳምንቱ ስለ ግፊት መድኃኒት አወሳሰድ ለጻፉልኝ አባት ጥያቄ ይዤ እመለሳለሁ። ሰላም ሰንብቱ።